ጥያቄና መልስ፦ ስለ ስማርት መስኮት፣ ስለ ውርጭና ስለ ቤታችን ሙቀት

ባለፈው ሳምንት «ስለ መስኮትና ስለ ቤት ሙቀት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥቂት ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ጎረፈ። አብዛኛው ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ ነው። ከሸዋ ሮቢትም አለ። አንዱ በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው በሙቀት መተኛት አቅቶታል፤ ሁለቱም የሰሜን ሸዋ ሰዎች ናቸው። ሥራዬ ሕንፃ ውስጥ ሙቀት፣ ብርሃንና አየር እንዴት እንደሚሄድ ማስላት ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ስለ ውርጭ የማወራው ከወረቀት ብቻ አይደለም። እንጀምር።

ጥያቄ፦ ስማርት መስኮት የሚባለው ነገር ምንድን ነው? በቀላል አማርኛ አስረዳን። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እንደ ሁኔታው የሚጠቁርና መልሶ የሚጠራ መስታወት ነው። በድሪምላይነር የተሳፈረ ሰው በዓይኑ አይቶታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ነው ያስገባው። መስኮቱ ወደ ታች የሚሳብ መከለያ የለውም። ከሥሩ ቁልፍ አለ። ሲጫኑት መስታወቱ ቀስ እያለ ወደ ሰማያዊ ይጠቁራል። ደመናው ግን እንደታየ ነው። ሕንፃ ላይ የሚገጠመውም ሐሳቡ ያው ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። በኤሌክትሪክ የሚጠቁር አለ፤ ኤሌክትሮክሮሚክ ይባላል። በሙቀት ራሱን የሚለውጥ አለ፤ ቴርሞክሮሚክ ነው። በብርሃን የሚጠቁረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፀሐይ ላይ ሲወጡ የሚጠቁረው መነጽር ነው። ሌላው ደግሞ ማብሪያ ሲነኩት ከወተት መሳይ ወደ ጥርት ያለ የሚለወጥ ፊልም ነው። የቢሮ መስታወት ላይ ይለጥፉታል። ይሄኛው ገመና መሸፈኛ ነው። ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ ሙቀቱን ብዙም አይመልስም። ለብርድ ወይም ለሙቀት ብላችሁ እንዳትገዙት።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ የሚጠቁረው እንዴት ነው የሚጠቁረው? ውስጡ ቀለም ይፈስበታል እንዴ?

መልስ፦ የሚፈስ ነገር የለም። የስልክህን ባትሪ አስብ። ቻርጅ ስታደርገው ሊቲየም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሄዳል። ስትጠቀምበት ይመለሳል። ይሄም መስታወት ላይ የተነጠፈ ስስ ባትሪ በለው። አንደኛው ንጣፍ ተንግስተን ኦክሳይድ ነው። ተንግስተን ያው የድሮው አምፖል ክር የሚሠራበት ብረት ነው። ጥቂት ቮልት ሲሰጠው ሊቲየሙ ወደዚህ ንጣፍ ይገባል፣ መስታወቱም ሰማያዊ ይሆናል። ቮልቱ ሲገለበጥ ሊቲየሙ ይወጣል፣ መስታወቱ ይጠራል። ንጣፎቹ ሁሉ ተደምረው ከፀጉር ክር በብዙ እጥፍ ይቀጥናሉ። የድሪምላይነሩ በጄል የሚሠራ ነው፤ በኤሌክትሪክ መጠቆሩ ግን አንድ ነው።

ይህን የተንግስተን ኦክሳይድ ጠባይ ሳትየን ዴብ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተመ። «ስማርት መስኮት» የሚለውን ስም በ1980ዎቹ ያስተዋወቀው ደግሞ ስዊድናዊው ክላስ ዮራን ግራንክቪስት ነው። ስለዚህ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ትልቅ የሕንፃ መስታወት ሙሉ በሙሉ እስኪጠቁር ደቂቃዎች ይፈጃል። እንደ አምፖል ቅጽበታዊ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ሌላ ዕቃ ነው የሚያሳያችሁ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ? እዚህ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

መልስ፦ ትክክል። ኤሌክትሮክሮሚኩ በአብዛኛው ባለበት ይቆያል። ጠቁሮ ከነበረ እንደ ዓይነቱ ለተወሰነ ጊዜ ጠቁሮ ይቆያል፣ አንዳንዱ ግን ቀስ እያለ ይጠራል፤ ጠርቶ ከነበረ እንደጠራ ይቆያል። ኤሌክትሪክ የሚፈልገው በዋናነት ሲለወጥ ነው፣ እሱም በጣም ትንሽ ነው። ባለ ወተቱ ፊልም ግን ጥርት ብሎ እንዲቆይ መብራት ያስፈልገዋል። መብራት ሲሄድ ይደፈርሳል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ጂ ፕላስ 4 እየሠራሁ ነው። ፊቱን በሙሉ መስታወት ላደርገው አስቤአለሁ። ሰማያዊ ሪፍሌክቲቭ ላድርግ ወይስ ስማርት የሚባለውን ላፈላልግ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሁለቱንም አልመክርዎትም።

ሪፍሌክቲቭ መስታወት ፀሐይን ለመመለስ የተሠራ ነው። ዱባይ ላይ ጥሩ ይሠራል። እኛ ያለነው ግን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። በነጋታው 3 ሰዓት ላይ ግን የጠራ፣ የሚጠብስ ፀሐይ አለን። ያ ፀሐይ በነጻ የመጣ ማሞቂያ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ተራ መስታወት ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው ከ500 ዋት በላይ ሙቀት ያስገባል። ሁለት ካሬ ሜትር ከሆነ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደ መለኮስ ነው። ሪፍሌክቲቩ ከዚህ ግማሽ ያህሉን እንዳይገባ ያስቀረዋል፣ ከፊሉንም መልሶ ወደ አስፋልቱ ይወረውረዋል። ተከራዩ ውስጥ ካፖርት ለብሶ ይሠራል፣ ማዶ ያለው ሱቅ ደግሞ በነጸብራቅ ዓይኑ ይጠፋል። ይህን በየጎዳናው ሳይ በጣም ያሳዝነኛል። ብርዳችንን በገንዘባችን እየገዛን ነው።

ስማርቱስ? ዋና ጥቅሙ ትርፍ ፀሐይ በሚያስቸግርበት፣ ቀኑን ሙሉ አየር ማቀዝቀዣ በሚሠራበት ሕንፃ ላይ ነው። መስታወቱ ሲጠቁር የማቀዝቀዣው ሥራ ይቀንሳል፣ ወጪው ቀስ እያለ ይመለሳል። እርስዎ ማቀዝቀዣ አይገጥሙም። ዋጋው ከተራ ድርብ መስታወት (ሁለት መስታወት መሐሉ አየር ይዞ የታሸገ) ብዙ እጥፍ ነው፤ ምን ሊመልስልዎት? ባለሙያም ከሩቅ ነው የሚመጣው።

የምመክርዎት ይህን ነው። የደቡቡን ፊት ሰፋ ባለ፣ ጥርት ባለ መስታወት ያድርጉት። በእኛ አቀማመጥ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው፤ ብርዱም ያለው በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው። የሰሜኑን ፊት ያጥብቡት። የምዕራቡን በልክ ያድርጉ፤ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ እየወደቀ ዓይን የሚወጋው እሱ ነው፣ ለዚያ ደግሞ መጋረጃ ይበቃል። ከተረፈዎት ገንዘቡን ድርብ መስታወት ላይ ያውሉት። ስለ እሱ ግን ታች የጻፍኩትን ሳያነቡ እንዳይገዙ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለኝ። ቴርሞሜትሩ 20 ዲግሪ ይላል። እኔ ግን ይበርደኛል። አሞኝ ይሆን?

መልስ፦ አላመመሽም። ሰውነታችን የሚሰማው የአየሩን ሙቀት ብቻ አይደለም። ዙሪያችን ያለው ግድግዳ፣ ወለልና መስታወት ከእኛ ሙቀት ይስባል። የአየሩንና የዙሪያውን ሙቀት አማካይ ብትይዢ ለሚሰማሽ ይቀርባል። አየሩ 20 ሆኖ ግድግዳውና መስታወቱ በአማካይ 14 ከሆነ፣ አንቺ ያለሽው 17 ውስጥ ነው። እሳት ዳር ተቀምጠሽ ፊትሽ ሲጠበስ ጀርባሽ እንደሚበርደው ማለት ነው።

ዴንማርካዊው ፋንገር እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ነገር በስድስት ነገሮች ጠቅልሎታል። የአየሩ ሙቀት፣ የዙሪያው ሙቀት፣ እርጥበት፣ የአየር ንፋስ፣ ልብስና የሰውየው እንቅስቃሴ። ጋቢ ስትደርቢ አምስተኛውን ነው የነካሽው። እናቶቻችን ስሌቱን ሳያዩ ደርሰውበታል። ለጊዜው ወንበርሽን ከመስኮቱ አርቂው፣ ማታ ማታ ወፍራም መጋረጃ ዝጊ። ልዩነቱ ዛሬውኑ ይሰማሻል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ያልበዋል። ውሃው ወርዶ የግድግዳውን ቀለም አበላሸው። ጥቁር ሻጋታም ጀምሯል። (ከደብረ ብርሃን፣ መምህር)

መልስ፦ ላቡ የእናንተው ትንፋሽ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያው፣ የልብሱ፣ የተኙት ልጆች። እርጥቡ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል።

በቁጥር ልንገርህ። ክፍሉ 18 ዲግሪ፣ ውጭው 4 ዲግሪ ይሁን። የነጠላ መስታወት የውስጥ ፊት ወደ 7 ወይም 8 ዲግሪ ይወርዳል። ድርብ ቢሆን 13 አካባቢ ነው። ሎው ኢ የሚባለው፣ ዓይን የማያየው የብር ቅብ ያለበት ድርብ ከሆነ ወደ 16 ይጠጋል። የክፍሉ እርጥበት 65 በመቶ ከሆነ አየሩ ውሃ መጣል የሚጀምረው 11 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ነጠላው ያልበዋል፣ ድርቡ አያልበውም። ሙሉ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ለጊዜው ልብስ ክፍል ውስጥ አታድርቁ። ውሃ ሲፈላ ክዳን ይኑረው። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲሞቅ መስኮቱን ለ10 ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት። ግድግዳው በዚያ ጊዜ አይቀዘቅዝም፤ እርጥቡ አየር ብቻ ነው የሚወጣው። ሻጋታውን ቀለም አትቀቡበት፣ መጀመሪያ አጥባችሁ አድርቁት።

ጥያቄ፦ ድርብ መስታወት ከውጭ ባስመጣ ይሻላል ወይስ እዚሁ ይሠራል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል። የእኔን ጥፋት ሌላ ሰው እንዳይደግመው እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር አስታውሱ። ሸዋ ሮቢት ላይ የታሸገ ብስኩት ገዝታችሁ ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ምን ይሆናል? እሽጉ እንደ ፊኛ ይነፋል። ደብረ ብርሃን ላይ ከድናችሁ የያዛችሁት ባዶ የውሃ ፕላስቲክስ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ? ይጨማደዳል። የታክሲው ሰው ሁሉ ያየው ነገር ነው። ከላይ የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ከታች ይበዛል።

ድርብ መስታወት ማለት ደግሞ በሁለት መስታወት መሐል የታሸገ አየር ነው። ባሕር ጠለል ላይ ታሽጎ በጅቡቲ በኩል መጥቶ እዚህ ቢወጣ፣ የደብረ ብርሃን አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። መስታወቱ ባያብጥ ኖሮ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ኃይል ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ያብጣል። ትንሽ ከሆነና ወፍራም ከሆነ አንዳንዴ ይሰነጠቃል። ካልተሰነጠቀም የዳሩ ማሸጊያ ይላቀቃል።

እኔ ከዓመታት በፊት ለሥራ ክፍሌ አራት ድርብ መስታወት ገዛሁ። ሻጩ ከፍታውን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሲገጠም ደህና መስሎ ነበር። በጎን ስታየው ግን የዛፉ ነጸብራቅ ተጣሞ ይታይ ነበር፤ ሆዱ ተነፍቷል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ አንዱ መስታወት ጭጋግ ለበሰ። በፎጣ ጠረግሁት። አይጠፋም። ከውጭ በኩል ወጥቼ ጠረግሁት። አይጠፋም። ጤዛው በሁለቱ መስታወት መሐል ነበር። ጠብታዋ ቁልቁል ስትወርድ በጣቴ እከተላታለሁ፣ ልነካት ግን አልችልም። ማሸጊያው ተላቆ የክረምቱ እርጥበት ገብቷል። ከዚያ በኋላ ለምንም አልሆነም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የት ነው የታሸገው? አዲስ አበባ ላይ የታሸገ ከሆነ የግፊቱ ልዩነት ትንሽ ነው፣ መስታወቱ ይችለዋል። ሁለተኛ፣ ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጣ ከሆነ ግፊት ማመጣጠኛ ቀጭን ቱቦ አለው ወይ? በዳሩ በኩል የምትገባ መርፌ መሳይ ቱቦ ነች፤ አየሩን ቀስ አድርጋ ታስተነፍሰዋለች። ቱቦ ላለው መስታወት ግን «አርጎን ጋዝ ሞልተንበታል» ብለው ተጨማሪ ቢያስከፍሏችሁ አትክፈሉ። ጋዙም በዚያው ቱቦ ቀስ በቀስ ይወጣል።

እዚሁ በያጅ ጋ ሁለት መስታወት በሲሊኮን አጣብቆ ድርብ ማድረግስ የሚል ጥያቄም መጥቷል። ይቻላል፤ ግን መሐሉ ያለውን አየር የሚያደርቅ ነገር ከሌለ በመጀመሪያው ክረምት ይጨግጋል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን «አትብሉ» የሚል ትንሽ ከረጢት ታውቋታላችሁ? እንደ እሷ ያለ እርጥበት መጣጭ ፍሬ ዙሪያውን በክፈፉ ውስጥ መኖር አለበት። ክፍተቱም ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ሲሆን ነው በደንብ የሚሠራው።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። መስኮቱ የብረት ነው፣ የቤቱ ባለቤት አይቀይሩልኝም። ገንዘብም የለኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለአንቺ ብዙ የምለው አለኝ፤ አብዛኛው ሰው ያለው አንቺ ጋ ነውና።

ማታ ንፋስ ሲነሳ መጋረጃውን ከቦታው አንሺና ጧፍ ለኩሺ። የጧፉን ነበልባል በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ አድርገሽ አዙሪው። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደህና ነው። ከተጋደመ ንፋሱ የሚገባበትን አገኘሽው። ባለፈው ጥር ጎረቤቴ ቤት ይህን ስናደርግ ነበልባሉ ማጠፊያው ጋ ተጋደመ፣ ከታች ጥግ ላይ ሲደርስ ጭራሽ ጠፋ። እዚያ ጋ ስቱኮው ደርቆ ረግፎ መስታወቱና ብረቱ መሐል ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ነበር።

ትንሽ ክፍተት አትናቂ። 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 የሆነ መስኮት ዙሪያው 4 ሜትር ከ80 ነው። ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ቢከፈት፣ ተደምሮ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ነው። ግድግዳሽ ላይ በቡጢ የሚያክል ቀዳዳ ቢኖር ሌሊቱን ሙሉ ትተይው ነበር?

የረገፈውን ስቱኮ ፍቀሽ በአዲስ ድፈኚው ወይም ሲሊኮን አስደርጊበት። የሚከፈተው ክንፍ ላይ የሚለጠፍ የስፖንጅ ወይም የጎማ ጥብጣብ አለ፤ ዕቃ መሸጫ ጠይቂ። ከዚያ ከውስጥ በኩል በክፈፉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ወጥረሽ በፕላስተር ለጥፊ፣ ከመስታወቱ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። መሐሉ የቆመ አየር ይይዛል፤ የደሃ ድርብ መስታወት ነው፣ በትክክል ይሠራል። ከሦስት መስኮት አንዱን ብቻ ግን ሳትለጥፊው ተዪ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ብርድ ሲጸና ከሰል አቀጣጥለን ወደ ክፍል እናስገባለን። ጨው ቢነሰንስበት አይጎዳም ይላሉ። እውነት ነው? (ከመሐል ሜዳ፣ እናት)

መልስ፦ እማማ፣ እውነት አይደለም። ጨው ምንም አያደርግም። ከሰሉ ጭሱ ወጥቶለት ፍም ሲሆን ብዙ ሰው «አሁን ንጹሕ ሆነ» ይላል። ገዳዩ የሚወጣው ከዚያው ፍም ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስለቅስም። ደም ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፤ ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ መዛል። የተኛ ሰው ግን አይነቃም።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚገናኘው። ላይ መስኮቱን ድፈኑ ያልኩት እኔው ነኝ፤ አንዱን ሳትለጥፊው ተዪ ያልኩትም አየር እንዲገባ ነው። የተደፈነ ቤትና ከሰል አንድ ላይ አይሆኑም። ድሮ ያዳነን የመስኮቱና የቆርቆሮው ቀዳዳ ነበር። ቤቱን ካጠበቃችሁ ከሰሉን ከቤት አውጡ። ቡናው ከተፈላ ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ማንም ሰው ማንደጃ ባለበት ክፍል አይተኛ፣ አራስና ሕፃን በተለይ። ራሱን ያመመው ወይም ያዞረው ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ ደጅ አውጡት፣ ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት።

ለአልጋ ሙቀት በፕላስቲክ ጠርሙስ ሳይሆን በጎማ መያዣ ሙቅ ውሃ አድርገው በጨርቅ ጠቅልለው እግር ሥር ያኑሩ። ባናውን ደርቡ። ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኛ አያቶቻችን ቤት፣ መንዝ፣ ድንጋይ ግድግዳ፣ ጓሳ ክዳን ነው። ለምን ከአዲሱ ብሎኬት ቤት የተሻለ ይሞቃል?

መልስ፦ ወፍራም ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይተፋል። የጓሳው ሣር ክዳን ደግሞ በውስጡ የቆመ አየር የያዘ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ቆርቆሮ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ውርጭ የምታየው ለዚያ ነው። መስኮቱም ትንሽ ነበር። ጨለማ ነበር ቤቱ፣ እሱን አልክድም። ብርሃኑን ሳናጣ ሙቀቱን እንዴት እንያዝ ነው የዛሬው ጥያቄ።

አንድ ነገር ግን ውሰድ። ሱፍ ሙቀት በመያዝ ከፋብሪካ ኢንሱሌሽን አይተናነስም። ማታ ማታ አሮጌ ባና ወይም ዝተት መስኮቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ስቀል፣ ዳርና ዳሩ ግድግዳውን ይንካ። ጠዋት አንሳው፣ ፀሐይ ይግባ። በትእዛዝ የሚዘጋና የሚከፈት መስኮት ማለት ይሄም ነው።

ጥያቄ፦ መስኮት ልቀይር ወይስ ኮርኒስ ላሠራ? ለሁለቱም አይበቃኝም።

መልስ፦ ኮርኒሱን። ቆርቆሮው ባዶ ከሆነ ለመስኮት የምታወጣው ሁሉ በጣሪያው ይወጣል።

ጥያቄ፦ እናንተ ስለ ብርድ ታወራላችሁ፣ እኛ ሸዋ ሮቢት ተቃጠልን! ጥቁር የመኪና ፊልም መስታወቱ ላይ ብለጥፍስ?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ወደ እናንተ እንውረድ። ከእኛ 1,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላላችሁ፤ ሌላ አገር ማለት ነው።

ጥቁሩ ፊልም ፀሐዩን ይውጠዋል እንጂ ሁሉንም አይመልሰውም። መስታወቱ ራሱ ይግላል፣ ከዚያ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይረጨዋል። አንዳንዴም መስታወቱ እኩል ባለመሞቁ ይሰነጠቃል። ፀሐይን መያዝ ያለብህ መስታወቱን ከመንካቷ በፊት፣ ከውጭ ነው። የውስጥ መጋረጃ ከዘጋህ ሙቀቱ አስቀድሞ ገብቷል።

በደቡብ በኩል 60 ሴንቲ ሜትር ጥላ ከመስኮቱ በላይ ብታወጣ፣ ፀሐዩ ዝቅ በሚልበት በታኅሣሥ ቀትር እንኳ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ቁልቁል ያጠላልሃል። ለምሥራቅና ለምዕራብ ግን ይህ አይሠራም፤ ፀሐዩ በአግድም ነው የሚመጣው። እዚያ ዛፍ፣ ወይም የቀርከሃ መከለያ፣ ወይም ሰፊ በረንዳ ያስፈልጋል። ቆርቆሮህን ነጭ ቀባው። መስኮት በሁለት ተቃራኒ ግድግዳ ላይ ይኑርህ፣ ንፋሱ አቋርጦ ይለፍ። ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝ ክፈት፣ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ዝጋ። የትንኝ ወንፊቱን እንዳትረሳ፤ ቆላ ውስጥ ወባ አለ።

ስማርት መስታወት በእኛ ዞን ቦታ አለው ከተባለ የእናንተው ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ሆቴል ወይም ባንክ ቢሆን አስቡበት እላለሁ። ለመኖሪያ ቤት ግን ከዛፉ አይበልጥም።

ጥያቄ፦ በሙቀት ራሱ የሚለወጠው፣ ያለ መብራት የሚሠራው፣ ለእኛ አይሻልም?

መልስ፦ ሐሳቡ ደስ ይላል። ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነገር ነው። 68 ዲግሪ ሲደርስ ጠባዩ ይለወጥና የማይታየውን የፀሐይ ሙቀት መመለስ ይጀምራል። ችግሩ 68 ዲግሪ የሚደርስ መስኮት የለም። ጥቂት ተንግስተን ሲጨመርበት መለወጫው ወደ ክፍል ሙቀት ይወርዳል፤ ያኔ ግን የሚመልሰው ሙቀት ያንሳል፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ያደላል። ተመራማሪዎች አሁንም እየታገሉት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምህንድስና ተማሪ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን። የመመረቂያ ሥራዬን በዚህ ላይ ልሠራ እፈልጋለሁ። ስማርት መስታወት ግን ከየት አመጣለሁ?

መልስ፦ አያስፈልግህም። ገና ያልተለካው የእኛው ቤት ነው። ስምንት ርካሽ ቴርሞሜትር ግዛ፣ መዝግቦ የሚይዘውን ዓይነት ቢሆን ጥሩ። አራት ቤት ምረጥ፤ ሁለቱ ዋና መስኮታቸው ወደ ደቡብ፣ ሁለቱ ወደ ሰሜን። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛው ሪፍሌክቲቭ መስታወት ያለው ይሁን። በየቤቱ አንዱን ክፍሉ መሐል በተቀመጠ ሰው ደረት ከፍታ አድርግ፣ አንዱን መስታወቱ ላይ ለጥፍ፤ ቀን ፀሐይ በቀጥታ እንዳይነካቸው በአሉሚኒየም ፎይል ከልላቸው። ባለቤቶቹ ከሰል ሲያስገቡ፣ መስኮት ሲከፍቱ ሰዓቱን እንዲጽፉልህ ደብተር ስጣቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ለካ። ውርጭ የጣለበትን ቀን ለብቻ ምልክት አድርግ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። አንድ ቤት ከቸገረህ የእኔን ውሰድ፤ የጨገገው መስታወት አሁንም እዚያው ነው፣ እሱንም ለካልኝ።